ስሙ ያልተጠየቀው ከበሮ መቺ

በዛንዚባር ደሴት፣ ስቶን ታውን በምትባለው አሮጌ ከተማ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካቲት ሲቃረብ «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» የተሰኘ የሙዚቃ በዓል ይደረጋል። ስሙ በስዋሂሊ «የጥበብ ድምፅ» ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በገንዘብ ማጣት ታጉሎ በተከታዩ ዓመት እንደገና ቀጥሏል። ለብዙ ዓመታት ዋናው መድረክ የተተከለው ኦማኖች ፖርቱጋሎችን ካስወጡ በኋላ በሠሩት አሮጌ ምሽግ ግቢ ውስጥ ነበር። ይሁንና በዓሉ የከተማው በዓል መሆኑ የሚታወቀው መግቢያ በሚከፈልበት አጥር ውስጥ ሳይሆን በመክፈቻው ሰልፍ ጊዜ በጎዳናው ላይ ነው። የቤኒ ጓድ መለከቱን እየነፋ ከበሮውን እየመታ ይመጣል፤ ጨፋሪዎች ይከተላሉ፤ ግልብጥብጥ የሚሉና በረጅም የእንጨት እግር የሚራመዱ ወጣቶች ከቤቶቹ መስኮት እኩል ሆነው ያልፋሉ። ቤኒ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው «ባንድ» የመጣ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የተወለደ፣ የቅኝ ገዢዎችን የጦር ሠራዊት ሙዚቃ የሚቀዳ፣ እግረ መንገዱንም የሚያላግጥበት ጨዋታ ነው፤ የታሪክ ምሁሩ ቴረንስ ሬንጀር በ1975 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። የቤኒ ተጫዋቾች ከሰው ወስደዋል፤ ነገር ግን ከማን እንደ ወሰዱ በስማቸው ላይ ጽፈውታል።

ከዚህ ሰልፍ ፊት ሌላ ሰልፍ አለ። ካሜራ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ የበዓሉን ባጅ በደረታቸው የሰቀሉ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ተጫዋቾቹ አዙረው ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ጠባቡን መተላለፊያ ይሞሉታል። ከፊት ያለው ከበሮ መቺ የሚያየው የአገሩን ሕዝብ ሳይሆን የሌንስ አፍ ነው፤ ከደጇ ወጥታ ልጇን በሰልፉ መካከል የምትፈልግ እናት ደግሞ የምታየው የፎቶግራፍ አንሺ ጀርባ ነው። ይህስ ይሁን፤ መጋፋት የበዓል ወግ ነው። ይሁን የማይባለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ምስሉ በማግስቱ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ ጉዞ መጽሔት፣ ወደ ዐውደ ርእይ ይሄዳል። ከግርጌው የፎቶግራፍ አንሺው ሙሉ ስም ይጻፋል። ምስሉ የማን እንደ ሆነ ሲገለጽ ግን «ከበሮ መቺ፣ ዛንዚባር» ይባልና ይታለፋል። ከበሮ መቺው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ የመንደሩ ሰው በዚያ ስም ይጠራዋል፤ ምናልባትም ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊቱ ወደ ኋላ ሲራመድ የነበረው ሰው «ስምህ ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በዛንዚባር እንደ ጎሜሽና እንደ ኩቲንሆ ወንድማማቾች ያሉ ከጎዋ የመጡ ባለሙያዎች ፎቶ ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር፤ በዚያው ዘመን የፖስት ካርድ ንግድም ደርቶ ነበር። መርከብ ለወረደ መንገደኛ የሚሸጠው ካርድ «የስዋሂሊ ሴት»፣ «የአገሬው ጭፈራ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ወደ አውሮፓ ይጓዝ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች እነዚያን ካርዶች እያገላበጡ «ይህች ሴት ማን ነበረች?» ሲሉ ይቆያሉ፤ መልስ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ማወቅ የነበረበት ሰው በጊዜው አልጠየቀምና። በአንጻሩ እዚያው ስቶን ታውን ውስጥ በ1930 እ.ኤ.አ. እንደ ተከፈተው እንደ ካፒታል አርት ስቱዲዮ ባሉ ፎቶ ቤቶች ውሉ ሌላ ነው። ደንበኛው ልብሱን ለብሶ በእግሩ ይመጣል፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ ይከፍላል፣ ምስሉንም ወደ ቤቱ ይዞ ሄዶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የካሜራው ጥራት አይደለም። በፎቶ ቤቱ ምስሉ ወደ ተነሣው ሰው ይመለሳል፤ በጎዳናው ላይ ምስሉ ከተነሣው ሰው ይሄዳል። የዛሬው በዓል ፎቶግራፍ በቀለሙና በጥራቱ ዘመናዊ ይሁን እንጂ ዝምድናው ከፎቶ ቤቱ ጋር ሳይሆን ከፖስት ካርዱ ጋር ነው።

የፎቶግራፍ አንሺዎቹ ወገን ክርክር የለውም ማለት አይደለም። ጎዳና የሕዝብ ነው፤ በጎዳና የሚጫወት ሰው ሊታይ የወጣ ሰው ነው፤ ዐይን ካየው ካሜራ ለምን አያየውም? ይላሉ። ደግሞም ፈቃድ ከተጠየቀ ቅጽበቱ ይሞታል፤ ተጫዋቹ ፊቱን አስተካክሎ ይቆማል፤ የሚገኘውም የመታወቂያ ወረቀት ምስል እንጂ ጨዋታ አይደለም ይላሉ። በመጨረሻም የማይታክታቸው ቃል አለ፤ «እኛ ባናነሣቸው ማን ያውቃቸው ነበር?» የሚል።

ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። ያለ ስም የሚታወቅ ሰው የለም። «ከበሮ መቺ፣ ዛንዚባር» የሚለውን ያነበበ የሆቴል ባለቤት ወይም የሌላ በዓል አዘጋጅ ያንን ሰው ለሥራ ሊጠራው ቢፈልግ በምን ያገኘዋል? ዝናው የተረፈው ለደሴቲቱና ለፎቶግራፍ አንሺው ነው። ስቲቭ መኬሪ በ1984 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን የስደተኞች ሰፈር ያነሣት አፍጋናዊት ልጅ ምስሏ ዓለምን ሲዞር ስሟ ሻርባት ጉላ መሆኑ የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዝነኛ የነበረው ዐይኗ ነው፤ እርሷ አልነበረችም።

ጎዳና የሕዝብ ነው የሚለው ግን ጠለቅ ብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። የጎዳና መድረክ አጥር ባይኖረውም ደንብ አለው። በሞሮኮ፣ በማራኬሽ ከተማ ያለውን የጀማ ኤል ፍና አደባባይ ማንሳት ይቻላል፤ ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. የማይዳሰስ ቅርስ ነው ብሎ ያወጀው በአደባባዩ ሕንጻዎች ምክንያት ሳይሆን በተረት ነጋሪዎቹና በተጫዋቾቹ ምክንያት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት «ሐልቃ» በሚሉት የሰው ክብ መካከል ነው። ወደ ክቡ የገባ ሰው ያያል፣ ይስቃል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ዕቃ ሲዞር ሳንቲም ይጥላል። የሌለው አይጥልም፤ ነገር ግን ቆሞ ክቡን ያጠብቃል፤ እርሱም ዋጋ ነው፤ ሰው የሌለው ክብ ሰው አይጠራምና። ጎብኚዎች ከዚያ ሲመለሱ «ፎቶ ስናነሣ ገንዘብ ጠየቁን» እያሉ ማማረራቸው የተለመደ ነው። አስገራሚው የተጫዋቾቹ ጥያቄ ሳይሆን የጎብኚዎቹ መገረም ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚለየው የሌንሱ ርዝመት ነው። በ35 ወይም በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚሠራ ሰው ተጫዋቹን ለመሙላት ሁለትና ሦስት ሜትር ያህል መቅረብ አለበት። እንግዲህ ክቡ ውስጥ ነው፤ ይታያል፤ ተጫዋቹ ሊገላምጠው፣ ሊቀልድበት፣ ዕቃውን ሊዘረጋለት ይችላል። በ200 ሚሊ ሜትር የሚሠራው ግን ከክቡ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሰገነት ላይ ሆኖ ፊቱን ብቻ መንጥቆ ይወስዳል። ዕቃው ሲዞር እርሱ ዘንድ አይደርስም። የመጀመሪያው ሰው ተመልካች ነው። ሁለተኛው ሰው በምን ስም እንደሚጠራ አንባቢ ይፍረድ። ስልኩን አውጥቶ ለልጆቹ የሚያሳየውን ቪዲዮ የሚቀርጸው የሰፈር ሰው ግን የዚህ ክርክር ዒላማ አይደለም፤ እርሱ ከክቡ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የተጫዋቹን ስም ያውቃል።

ሕግስ ምን ይላል? ቢባል መልሱ አያጽናናም። የኢትዮጵያ ሕግ በዛንዚባር አይሠራም፤ ችግሩን ለማሳየት ግን ይበጃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። መልካም ነው። ወረድ ብሎ አንቀጽ 28 ሲነበብ ግን ምስሉ ለባህል ጥቅም ከሆነ፣ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገርና ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። የጎዳና ተጫዋች በባህልም በአደባባይም በኩል ከጥበቃው ይወጣል፤ ሕጉ በአንድ በር አስገብቶ በሁለት በር ያስወጣዋል ማለት ነው። የከያንያን መብት ይጠብቃል የተባለው በ2012 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የሚናገረው ስለ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው፤ የማይንቀሳቀሰው ፎቶግራፍ ከትርጓሜው ውጭ ነው። ይባስ ብሎ የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ፎቶግራፍ ጥበቃ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ የአንሺው ስምና አድራሻ የሰፈረበት መሆኑ ነው ይላል። የአንሺው ስም በሕግ ፊት ይህን ያህል ይመዝናል። ስለ ተነሺው ስም የሚናገር ቃል ግን የለም።

ስለዚህ ሕጉን ትቶ ወደ ሙያው ደንብ መሄድ የግድ ነው፤ የጎዳና ጥበብ ከማንኛውም አዋጅ በፊት የራሱ ደንብ ነበረውና። በኢትዮጵያ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በተቀመጠበት ቤት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሽልማቱም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። በዚህ ቤት ዝም ብሎ የሚወስድ ሰው የለም። ሰጪው ይቀበላል፣ ተቀባዩ ይሰጣል፤ ሥራ ፈትቶ ዳር የያዘውንም ሰው አዝማሪው በግጥም ወጋ ያደርገውና ወደ ጨዋታው ይስበዋል።

ከአዝማሪው ይልቅ ይህን ነገር አጥርተው የሚያሳዩት ላሊበላዎች ናቸው፤ በአንዳንድ ስፍራ ሐሚና ይባላሉ። ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን ተከናንበው በሰው ደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል ከዘር የወረደ እምነት እንዳላቸው ስለ እነርሱ የተጻፉ ጥናቶች መዝግበዋል። በከተማም በገጠርም ሰው በመንፈቀ ሌሊት ከእንቅልፉ ስለሚቀሰቀስ ሲያጉረመርምባቸው ኖሯል። ነገር ግን ላሊበላው ወደ ደጁ ከመድረሱ በፊት ከጎረቤት ጠይቆ የባለቤቱን ስም ይይዛል። ከዚያም ስሙን በዜማው ውስጥ አስገብቶ ይጠራዋል፣ ያወድሰዋል፣ ቤቱን ይመርቅለታል። ቁራሽ እንጀራ ወይም ጥቂት ሳንቲም ለሚሰጠው ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ይደክማል። «ለማኝ» የሚባለው ሰው የጠየቀውን ስም ባለ ውድ ካሜራው «የጥበብ ሰው» መጠየቅ ተሳነው። እንዲህ ያለውን ዜማ በሌሊት በብልጭታ መብራት አስደንግጦ የሚያነሣ ሰው ሲገኝ ደግሞ ነገሩ ከስንፍናም ያልፋል፤ ተከናንቦ የመጣ ሰው ላለመታየት የሚፈልገው ነገር እንዳለው ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

አንሺዎቹ ስም መጠየቅ የማይችሉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ይቅር በተባለ። ችለው ነው የማይጠይቁት። ምስል የሚሸጡት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሥራቸውን በሁለት ይከፍሉታል፤ ለዜናና ለዘገባ የሚሆን አለ፣ ለንግድ ማስታወቂያ የሚሆን አለ። ለማስታወቂያ የሚሸጥ ከሆነ ፊቱ የሚታወቀው ሰው የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ይጠየቃል፤ ያለዚያ ገዢው ነገ ይከሰሳል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ሲሰማ ወረቀቱን በቦርሳው ይዞ ይመጣል፣ ስም ይጽፋል፣ ያስፈርማል፣ አንዳንዴም ይከፍላል። ቅጽበቱ ያን ጊዜ አልሞተም! ወረቀት በማይጠየቅበት በዘገባው በኩል ሲሄድ ግን ስም መጠየቅ ድንገት ጥበብን የሚገድል ነገር ይሆናል። ይህ የጥበብ ክርክር አይደለም፤ የሒሳብ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው መንገድ መድኃኒት የሚመስላቸውም አሉ። «በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር» ተብሎ ይቆረጥና ሁሉም ሰላም ይሆናል ይላሉ። የዚህ ፍሬ በደቡብ ኦሞ ታይቷል። ሙርሲዎችን ለአሥርታት ያጠናው የሥነ ሰብእ ምሁር ዴቪድ ተርተን በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በእነርሱና ፎቶ ሊያነሡ በሚመጡት ጎብኚዎች መካከል ያለውን ግንኙነት መርምሯል። መኪናው ይቆማል፤ ሰዎቹ ይደረደራሉ፤ ጎብኚው ይመርጣል፤ በቁጥር ይከፈላል፤ መኪናው ይሄዳል። ተከፍሏል፤ ፈቃድም አለ፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው ተናንቀው ይለያያሉ። ዋጋው በጠቅታ ሲሆን ተጫዋቹ ለጠቅታው መቆምን ይማራል፤ ከበሮው ይቀርና ከበሮ መቺ መምሰል ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ጥያቄው በጠቅላላው ገንዘብ ይከፈል የሚል አይደለም። ክቡ የሚከፈለው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፤ ለታየው ጨዋታ እንጂ ለተጫነው ቁልፍ አይደለም።

ይህም «ቅጽበቱ ይሞታል» ለሚለው መልስ ይሆናል። ማንም በጨዋታው መካከል ከበሮ መቺውን አቁሞ ቅጽ ይሙላ አላለም። ሳይታሰብ የተያዘ ምስል ውበቱ የታወቀ ነው፤ የጎዳና ፎቶግራፍ ያለ እርሱ አይኖርም። ይነሣ። ነገር ግን ከበሮው ዝም ሲል ሰውየው ገና እዚያው ነው። በሰልፉ ውስጥ ያሉ ሕፃናትን በተመለከተ ብቻ ይህ አይበቃም፤ ለእነርሱ አስቀድሞ አሠልጣኛቸውን ወይም ወላጃቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የልጅ ምስል የት እንደሚደርስ ልጁ ሊያስብ አይችልምና።

ዋናው ተጠያቂ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ብቻ አይደለም። በአካባቢው ያለው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ራሱ በችግር የሚኖር፣ ካሜራውን በዕዳ የገዛ፣ ሥራው በየስልኩ ያለ ስሙ የሚዞርበት ሰው ነው፤ በስም መነጠቅ የሚያሳዝነውን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው በከበሮ መቺው ላይ ሲፈጽመው ይበልጥ የሚያስወቅሰው። በዓሉን የሚያዘጋጀው ወገን ግን ባጁን የሰጠ ነው። ባጅ ማለት በሌላ ሰው ፊት ላይ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ባለ ፊቱ ሳይሰማ የተሰጠ። በየከተማው በሚደረጉ የጥበብ በዓላት ዘንድ የሚታየውን የማስታወቂያ ወረቀት ማገላበጥ ይበቃል። መሀል ላይ አምና በጎዳና የተነሣ ጨፋሪ፣ ላብ በግንባሩ ላይ እያብረቀረቀ። ከታች በተርታ የባንኩ፣ የአየር መንገዱ፣ የቢራው፣ የኤምባሲው አርማ፤ አንዱ አርማ በስሕተት ቢቀር ስልክ የሚደወልበት፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት፣ ወረቀቱ እንደገና የሚታተምበት ነገር ነው። በጠርዙ በደቃቅ ፊደል የአንሺው ስም። ወረቀቱን ሰው ቆም ብሎ እንዲያየው ያደረገው ሰው ስም የለበትም፤ ለዚህም ስልክ የደወለ የለም።

አዘጋጆቹ ማድረግ የሚችሉት ከባድ አይደለም። ወደ ሰልፉ የሚገባው ጓድ ሁሉ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ አለዚያ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሄድ አይታወቅም ነበር። ያው መዝገብ የአባላቱን ስም ጨምሮ ባጅ ከሚሰጠው ወረቀት ጋር ለአንሺዎቹ ይሰጥ። ባጁ የሚታደሰው አምና የታተመው ምስል ስም ይዞ ከወጣ ብቻ ይሁን። ምስሉ ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ ከዋለ፣ ለአርማ ተራ የተቀመጠው ገንዘብ ለጨፋሪውም ይድረሰው። የታተመ ምስል አንድ ቅጂ ለጓዱ ይላክ፤ የቤኒ ጓድ ቤት ግድግዳም ፎቶ ቤት እንደ ሄደ ሰው ቤት ግድግዳ ምስል ይሰቀልበታል።

ሰልፉ ሲያበቃ መለከቶቹ ይወርዳሉ። ተጫዋቾቹ ከጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ሸሚዛቸውን ይጨምቃሉ፤ አንዱ የላላውን የከበሮ ቆዳ ያጠብቃል፤ የእንጨት እግሩን የፈታው ወጣት ጉልበቱን ያሻል። የሰፈር ልጆች ይከቧቸዋል፤ በስማቸው እየጠሩ ይቀልዱባቸዋል፤ ትንሽ ጆሮ የሰጠ ሰው አንድ ሳይጠይቅ ሁሉንም ስም ሰምቶ ይጽፈው ነበር። ባለ ባጆቹ በዚያ ሰዓት እዚያ የሉም። ምስሉን ቀድሞ ለመላክ ኢንተርኔት ወዳለበት ሄደዋል።